አንድ ቀን ተለብሶ ሃምሳ ዓመት የተቀመጠ፦ የቆየ ቬሎ ከመግዛታችን በፊት

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ሠርግ ለሚደግሱ፣ ልጅ ለሚድሩ፣ እንዲሁም የእናታቸውን የሙሽራ ልብስ ሻንጣ ውስጥ አስቀምጠው ለሚኖሩ ሁሉ የሚሆን ነው። የምንነጋገረው ስለ ቆየ ቬሎ ነው፤ በገበያው አጠራር ቪንቴጅ ስለሚባለው። እንዴት ተመርምሮ ይገዛል? የቱ ጉድለት ይጠገናል? የቱንስ አይቶ ማለፍ ይሻላል? በዝግጅቱ ውስጥ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

በንግዱ ልማድ ቪንቴጅ የሚባለው ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ የሞላው ልብስ ነው። አምና ተለብሶ ዘንድሮ ለሽያጭ የወጣ ቬሎ ያገለገለ ይባላል እንጂ ቪንቴጅ አይደለም። የቆየውን የሚመርጡ ሙሽሮች ምክንያታቸው ይለያያል። አንዷ ዋጋውን አይታ ነው፤ ሌላዋ ዛሬ በቀላሉ የማይገኘውን የእጅ ስፌትና ዳንቴል ወድዳ ነው፤ ሌላዋ ደግሞ እናቷ ወይም አክስቷ በተዳረችበት ልብስ ልዳር ብላ ነው። አዲስ አበባ ቬሎ የሚያከራዩና የሚሸጡ ሱቆች ሞልተዋል። በውጭ አገር የሚኖሩ አድማጮቻችን ደግሞ ሰፊ ምርጫ አላቸው። ለምሳሌ በብሪታኒያ ኦክስፋም የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት በአንዳንድ ከተሞች በስጦታ ያገኛቸውን የሙሽራ ልብሶች ለይቶ የሚሸጥባቸው ሱቆች አሉት።

ሻጭ ዘንድ ስትሄዱ መጀመሪያ የምትሰሙት ነገር የታወቀ ነው። «እህቴ፣ አንድ ቀን ብቻ እኮ ነው የተለበሰው! አዲስ በይው!» ይላል። ውሸቱን ላይሆን ይችላል። ነገር ግን የቆየ ቬሎን የሚጎዳው ያ አንድ ቀን ብቻውን አይደለም። ከዚያ ቀን በኋላ የመጡት ዓመታት ናቸው። ሳይታጠብ ታጥፎ ተቀምጦ ይሆናል፤ ላስቲክ ውስጥ ታፍኖ፣ በሽቦ መስቀያ ተንጠልጥሎ፣ እርጥበት ባለበት ምድር ቤት ከርሞ ይሆናል። ስለዚህ «ስንት ጊዜ ተለበሰ?» ከማለት ይልቅ «የት ነበር? በምን ተጠቅልሎ ነበር? ከሠርጉ በኋላ ታጥቧል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ጨርቁ እንግባ። አንድ ቬሎ መቼ እንደተሰፋ ማወቅ ምን ዓይነት ጉዳት ልንጠብቅ እንደሚገባ ይነግረናል።

ነጭ ልብስ የሙሽራ መለያ ሆኖ እንዲስፋፋ ትልቅ ድርሻ የነበራት የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ናት። በየካቲት ወር 1840 ልዑል አልበርትን ስታገባ በለንደን ስፒታልፊልድስ የተሸመነ ነጭ የሐር ሳቲንና በዴቨን አውራጃ በእጅ የተሠራ ዳንቴል ለበሰች። ከእርሷ በፊትም በኋላም ብዙ የአውሮፓና የአሜሪካ ሙሽሮች የሚያገቡት ባላቸው ምርጥ የክት ልብስ ነበር፤ ሰማያዊም ይሁን ቡናማ ግድ አልነበራቸውም። ስለዚህ ነጭ ያልሆነ የመቶ ዓመት ቀሚስ ብታገኙ የሙሽራ ልብስ አይደለም ብላችሁ አትጣሉት።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ የተሠሩ ብዙ የሐር ልብሶች አንድ የተደበቀ ችግር አላቸው። ጥሬ ሐር የተፈጥሮ ሙጫው ታጥቦ ሲወጣ ከክብደቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ሐር ደግሞ የሚሸጠው በክብደት ነበር። ፋብሪካዎቹ የጎደለውን ለመተካት ሐሩን በቆርቆሮና በሌሎች የብረት ጨዎች ይነክሩት ጀመር። ጨርቁ ከበድ ብሎ፣ ሲራመዱበት እየተንኮሻኮሸ በጣም ያምር ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን እነዚያ ጨዎች ክሩን ከውስጥ በሉት። እንዲህ ያለ ሐር በእጥፋቱ መስመር ላይ እየተሰነጠቀ ወደ ቁርጥራጭ ይለወጣል። ማንም ልብስ ሰፊ ሊመልሰው አይችልም፤ ከኋላው ሌላ ጨርቅ ቢደረግለት እንኳ ስንጥቁ በጎን ይቀጥላል። የሚሆነው ለሙዚየም እንጂ ለጭፈራ አይደለም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ጨርቅ ጠፋ። በብሪታኒያ ከ1941 እስከ 1949 ልብስ በኩፖን ነበር የሚገዛው። ያኔ ሙሽሮች ከፓራሹት ጨርቅ ቬሎ ያሰፉ ነበር። በዋሽንግተን የሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ የታሪክ ሙዚየም እንዲህ ያለ አንድ ቬሎ አለው። በ1944 በእስያ ሰማይ ላይ ሞተሩ ከተቃጠለ ቢ-29 አውሮፕላን የዘለለ አንድ አብራሪ ሕይወቱን ያተረፈለትን የናይለን ፓራሹት አስቀመጠ፤ በ1947 ሲያገባ ሙሽራዋ ያንኑ ጨርቅ ቬሎ አድርጋ ለበሰችው።

ከጦርነቱ በኋላ ናይለን፣ ሬዮንና አሲቴት የተባሉት ሰው ሠራሽ ጨርቆች የሐርን ቦታ ወሰዱ፤ ቀጥሎ ፖሊስተር መጣ። ፖሊስተር ጠንካራ ነው፤ ብልም አይወደውም፤ ነገር ግን የዘይትና የቅባት እድፍ ሲይዝ አይለቅም። የ1980ዎቹ ቬሎዎች ደግሞ በትላልቅ እጅጌዎቻቸው ይታወቃሉ። ልዕልት ዲያና በ1981 የለበሰችው የሐር ታፍታ ቬሎ ወደ ሰባት ሜትር ተኩል የሚደርስ ጅራት ነበረው፤ ብዙ ሰፊዎችም ፈለጉን ተከተሉ። የዚያ ዘመን ልብስ ለዛሬ ዓይን የተንዛዛ ይመስል ይሆናል። ግን ጨርቁ ብዙ ስለሆነ ልብስ ሰፊው ቀንሶ የሚሠራበት ትርፍ አለው፤ ይህ ለገዢ ትልቅ ጥቅም ነው።

የዕድሜ ምልክቶች ከውስጥ ይገኛሉ። ልብሱን ገልብጡት። ሙሉ በሙሉ በመንጠቆና በትንንሽ ቁልፎች የሚዘጋ ከሆነ ዕድሜው ጠና ያለ ሊሆን ይችላል። በጎን በኩል የብረት ዚፕ ካለው ወደ 1940ዎቹ ገደማ አስቡ። የናይለን ዚፕ የተስፋፋው ከ1960ዎቹ ወዲህ ነው። አሜሪካ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ጽሑፉን አንብቡ፤ የአጣጠብ መመሪያ በልብስ ላይ በቋሚነት እንዲሰፋ የሚያስገድደው ደንብ የጸናው በ1972 ነው። «በ1950 የተሰፋ ነው» የተባላችሁት ልብስ እንዲህ ያለ መመሪያ ከተሰፋበት የተነገራችሁን ዕድሜ ተጠራጠሩ። ዚፕ ሊቀየር ስለሚችል ግን በአንድ ምልክት ብቻ አትፍረዱ።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ምርመራው ነው። አንድ የ1950ዎቹ ቬሎ ፊታችሁ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል እንበል። የሚያስፈልጋችሁ የቀን ብርሃን፣ ሜትር፣ ነጭ ጨርቅና የታጠበ እጅ ነው። ቀለበታችሁን አውልቁ፤ ዳንቴል ይይዛል።

መጀመሪያ አሽትቱት። የናፍታሊን ሽታ አየር ላይ ሲቆይ እየቀነሰ ይሄዳል። የሻጋታ ሽታ ግን እርጥበት ገብቶት እንደነበረ ይመሰክራል። እንደ ኮምጣጤ የሚጎመዝዝ ሽታ ካለው የአሲቴት ጨርቅ መበላሸት ጀምሮ ሊሆን ስለሚችል ተጠንቀቁ።

ቀጥሎ ትከሻውን ተመልከቱ። የቬሎ ክብደት በሙሉ መስቀያ ላይ የሚያርፈው በትከሻ ስፌት ነው። ለዓመታት ተንጠልጥሎ የኖረ ልብስ እዚያ ጋ ይለጠጣል፤ የክሩ ቀዳዳዎች ይሰፋሉ። ከዚያ ወደ ብብት ውረዱ። ላብና ዲዮዶራንት አብረው የሚሠሩት ጉዳት ቀለም መቀየር ብቻ አይደለም። በዲዮዶራንት ውስጥ ያለው የአሉሚኒየም ጨው ሐርንም ጥጥንም ያደክማል። ብብቱ ቢጫ ሆኖ ጨርቁ ለስላሳ ከሆነ ተስፋ አለው፤ ደርቆ እንደ ወረቀት የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ግን ሙሽራዋ እጇን ስታነሳ ይቀደዳል።

አሁን ልብሱን ወደ መስኮት አንሱና ብርሃን አሳልፉበት። ጠረጴዛ ላይ ያልታዩ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ቀዳዳዎች፣ የሳሱ ቦታዎች፣ በእጥፋት መስመር ላይ የተሰነጠቁ ክሮች አሁን ይወጣሉ። ብል የበላው ቀዳዳ ጠርዙ ያልተስተካከለ ነው። በመንጠቆና በቁልፍ ዙሪያ ቡናማ ነጥብ ካያችሁ ዝገት ነው፤ ዝገት ከእድፍነቱ ባሻገር ክሩን ይበላል።

የክሩን ብርታት ለማወቅ ጨርቁን ሳብ ሳብ ማድረግ አያስፈልግም። ከማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ ከጠርዙ የውስጥ እጥፋት፣ በሁለት ጣት ያዙና በቀስታ እጠፉት። ጤነኛ ጨርቅ ታጥፎ ይመለሳል። የደከመ ጨርቅ በእጥፋቱ ላይ መስመር ይሠራል፤ አንዳንዴም እንደ ደረቅ ቅጠል ኮሽ ይላል። ያንን ድምፅ ከሰማችሁ ምርመራው እዚያው አብቅቷል።

ጨርቁ ሐር ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ለመለየት ባለቤቱ ከፈቀደ ከውስጥ ስፌት አንዲት ክር መዝዞ፣ ከልብሱ ርቆ፣ ውሃ አጠገብ አስቀምጦ ማቃጠል ይቻላል። ሐር እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ የሚተወው ጥቁር ፍሬም በጣት ሲነካ ይፈርሳል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፤ አመዱም ልም ነው። ናይለንና ፖሊስተር ይቀልጣሉ፤ ሲቀዘቅዙ ጠንካራ ጠጠር ይሆናሉ።

ስለ እድፍ አንድ ነገር ላክል። በቆየ ቬሎ ላይ የሚታዩት ቡናማ ነጠብጣቦች ብዙ ጊዜ የስኳር ናቸው። ሻምፓኝ፣ ነጭ ወይን፣ ለስላሳ መጠጥ ልብሱ ላይ ሲፈስ ደርቆ አይታይም። ሙሽራዋ «ንጹሕ ነው» ብላ ታስቀምጠዋለች። ስኳሩ በዓመታት ውስጥ ከአየር ጋር እየተዋሐደ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ከሠርግ በኋላ እድፍ ባይታይም ቬሎ ቶሎ ይታጠብ የሚባለው ለዚህ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

እንግዲህ ያገኘነውን በሁለት እንክፈለው።

የሚዳኑት እነዚህ ናቸው፦ አጠቃላይ ቢጫነት፣ በጠርዙ ላይ ያለ የአቧራና የጫማ እድፍ፣ የተፈታ ስፌት፣ የተበላሸ ዚፕ፣ የጠፋ ቁልፍ፣ የረገፈ ዶቃ፣ የተቀደደ ገበር፣ የረዘመ ቁመት። የማይድኑት ደግሞ፦ የተሰነጠቀ ሐር፣ በስፋት የተበተነ ዳንቴል፣ በላብ የተቃጠለ ብብት፣ ጨርቁ ውስጥ የገባ ጥቁር ሻጋታ ናቸው። በአጭሩ ቆሻሻ ይለቃል፤ የደከመ ክር ግን ጉልበቱ አይመለስም። ቢጫ ሆኖ ክሩ የጠነከረ ቬሎ፣ ነጭ ሆኖ ክሩ ከደከመው እጅግ ይሻላል። ብዙ ገዢ ግን በዓይኑ ፈርዶ ነጩን ያነሳል።

በእጥበት ላይ የሚፈጸም ስህተት ደህናውን ልብስ ያጠፋል። በረኪና ሐርን ያሟሟል፤ ነጭ ያደርግልኛል ብላችሁ እንዳትሞክሩት። በ1930ዎቹ የተሠሩ አንዳንድ ብልጭልጮች ከጄላቲን የተሠሩ ስለሆኑ ውሃ ሲነካቸው ይቀልጣሉ። አርቴፊሻል ሉሎች ደግሞ በላውንደሪ ቤት የደረቅ እጥበት ኬሚካል ቆዳቸው ሊላጥ ይችላል። ስለዚህ ላውንደሪ ቤት ስትወስዱ «እጠቡልኝ» ብላችሁ ጥላችሁ አትሂዱ። የጨርቁን ዓይነትና የእድፉን ቦታ አሳዩ፤ መጀመሪያ በማይታይ ቦታ እንዲሞክሩት ጠይቁ።

ልክን በተመለከተ፣ በልብሱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ፈጽሞ አትመኑ። የድሮ ቁጥርና የዛሬ ቁጥር አይገናኙም፤ የ1950ዎቹ 14 ቁጥር ለዛሬዋ 14 ለባሽ ብዙ ይጠብባታል። ደረትን፣ ወገብን፣ ዳሌን፣ የትከሻ ስፋትን፣ ከትከሻ እስከ ወገብ ያለውን ርዝመት በሜትር ለኩ፤ ለመተንፈስና ለመቀመጥም ጥቂት ሴንቲ ሜትር ተዉ። ማጥበብ ቀላል ነው። ማስፋት የሚቻለው ግን በስፌቱ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ ካለ ነው፤ ስለዚህ ስፌቱን ገልጣችሁ ትርፉን እዩ። ስፌት ሲፈታም የድሮው የመርፌ ቀዳዳ በሳቲን ላይ ምልክቱ እንደሚቀር አስታውሱ።

ጎበዝ ልብስ ሰፊ እጅ ከገባ ግን የቆየ ልብስ ብዙ ይሆናል። የንግሥት ኤልሳቤጥ የልጅ ልጅ ልዕልት ቢያትሪስ በሐምሌ 2020 ስታገባ የለበሰችው አያቷ በ1960ዎቹ የለበሱትን፣ በኖርማን ሃርትኔል የተሠራ ቀሚስ ነበር። ቀሚሱ ለእርሷ ሲስተካከል አጫጭር የኦርጋንዛ እጅጌዎች ተጨመሩለት። አዲስ ለማሠራት ገንዘብ የሚያንሳት ሙሽራ አልነበረችም፤ የአያቷን መረጠች።

ዋጋ ስትከራከሩ የልብሱን ዋጋ ብቻ አትቁጠሩ። የእጥበቱን፣ የጥገናውንና የማስተካከያውን ወጪ ደምሩበት። ከተቻለ ከመክፈላችሁ በፊት ልብስ ሰፊ ይዛችሁ ሂዱ፤ ካልተቻለ ፎቶ አንሥታችሁ አሳዩ። በስልክና በኢንተርኔት የምትገዙ ከሆነ ሻጩ በቀን ብርሃን የብብቱን፣ የትከሻውን፣ የጠርዙንና የገበሩን ፎቶ ይላክላችሁ፤ ልኩን በሜትር ይንገራችሁ፤ ካልሆነ የሚመለስ መሆኑንም በጽሑፍ ያረጋግጥላችሁ። ከሠርጉ ወራት አስቀድማችሁ ጀምሩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ፤ በቬሎ ደግሞ የሚፈታው በሙሽራዋ ላይ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

«የእኔ እናት ቬሎ አልለበሰችም፤ የሀበሻ ቀሚስና ካባ ነው የነበራት» የምትሉ አድማጮች፣ ምርመራው ለእናንተም ያው ነው። የጥጥ ሸማ ብርሃን አሳልፉበትና የሳሳውን ቦታ ፈልጉ። ጥለቱ ቀለም ይለቅ እንደሆነ ለማወቅ የረጠበ ነጭ ጨርቅ ጫፉ ላይ ለጥቂት ጊዜ ተጫኑበት፤ ቀለሙ ነጩን ጨርቅ ከነካው ውሃ ውስጥ አትንከሩት። የከፋይ ካባ ከፊት በኩል አይተኮስም፤ ጸጉሩ ይተኛል። ወርቃማው የጥልፍ ክር ጠቁሮ ከሆነ የብር ማጽጃ አትቀቡት፤ ጥልፉን ተሸክሞ የያዘውን ጨርቅ ያበላሻል። ሸማው በአንድ ቦታ ብቻ ተጎድቶ ከሆነ ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች አሳዩት፤ ጥለቱን ከአሮጌው ሸማ ፈትቶ በአዲስ ላይ መስፋት ይቻል ይሆናል።

የገዛችሁትን ወይም የወረሳችሁትን ልብስ ለማቆየት ብዙ ወጪ አያስፈልግም። በመጀመሪያ አሳጥቡት። ላስቲኩን አውጡ፤ እርጥበት ያፍናል፣ አንዳንዱም ጨርቁን ያወይባል። ታጥቦ የደረቀ አቡጀዲ ለመጠቅለያ ይበቃል። በየእጥፋቱ መሐል ጠቅለል ያለ ንጹሕ ጨርቅ አድርጉ፤ እጥፋቱ ስለት እንዳይሠራ ነው። ከባድ ቬሎ አትስቀሉ። መርፌ ቁልፍ ተሰክቶ አይቀመጥ፤ ይዝጋል። በቀጥታ ከሳጥን እንጨት ጋር አይነካካ። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ወጥቶ አየሩ ሲደርቅ፣ አውጥታችሁ በጥላ አናፍሱትና እጥፋቱን ቀይራችሁ መልሱት።

አድማጮቻችን፣ ከዛሬው ዝግጅት አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይህን ያዙ፦ ቬሎ የሚገዛው በክሩ ብርታት ነው፤ ንጣቱ በኋላ ይመጣል። ክሩ ደህና ከሆነ ቢጫነቱን ለዋጋ መከራከሪያ አድርጉት፤ ክሩ ከደከመ በነጻ ቢሰጣችሁም ለሠርግ ቀን አትመኑት። የእናታችሁ ልብስ ላስቲክ ውስጥ ያለ ደግሞ በዚህ ሳምንት አውጡትና ብብቱንና ትከሻውን በብርሃን እዩት። ለሙሽሮቻችን ሁሉ የአብርሃምና የሣራ ጋብቻ ያድርግላችሁ።